የእጀ ወርቅ መለኪያ

ደን ጠባቂው ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል እትዬ ወንበሩን ከሥሩ ሳበችው።

ሰውየው እንዳይወድቅ የበሩን ምሰሶ ያዘ። ደግነቱ ወገቡ ጠንካራ ነው። ቀና ብሎ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘና፣ ለማን እንደሚለው ሳያውቅ፣ "ነፍስ ይማር" አለ። እትዬ ወንበሩን አንጠልጥላ ግቢውን አቋረጠችና አንዲት ወፍራም ጎረቤት አጠገብ አስቀመጠችው። ጎረቤቷ ወንበር ነበራት። ግራ ቢገባት ቦርሳዋን አኖረችበት። ያን ቀን ቦርሳው ተቀምጦ ዋለ፤ ደን ጠባቂው ቆሞ ዋለ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ መሬት መሬት የሚያይ ይመስላል እንጂ አንድም ነገር አያመልጠውም። ከጥግ እስከ ጥግ ሹክሹክታው ዞረ። "እሱ ነው እንዴ?" "እሱ ነዋ፣ አሁን በየትኛው ዓይኑ መጣ?" አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም እያደረገ ሻዩን ጠጣ።

እትዬ የሟቹ ታላቅ እህት ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ። የሰፈሩን ግማሽ ሰው ገና እርጥብ ሳለ በእጇ የተቀበለች ስለሆነች፣ ማን ይቀመጥ ማን ይቁም ለማለት መብት ያላት ይመስላታል፤ ሰፈሩም እንደዚያው ይመስለዋል። ሐዘኗን የምትወጣው በትእዛዝ ነው። ብርጭቆ እጠቡ፣ በሩን ከፍ አድርጉት፣ እዚያ ጋ ያሉትን ሽማግሌ ከፀሐይ አንሷቸው። ስታለቅስ ያያት የለም።

ሟቹ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። የተጸውዖ ስሙን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው፤ እጀ ወርቅ ነበር የሚሉት። ሚስቱም የእጀ ወርቅ ሚስት ናት። በመስኮቱ ሥር፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ወንበሩ ሲነጠቅ አይታለች። አየችና የሻይ ብርጭቆዋ ውስጥ አፈጠጠች።

ሰፈሩ የሚያውቀው ታሪክ ይህ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ደን ጠባቂው የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ሊወስድ መጥቶ፣ እጀ ወርቅን በገዛ ሱቁ ውስጥ በንግግር አዋረደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጀ ወርቅ ሱቁን ረግጦ አያውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ሐኪሙ ድሮም ልቡ ደካማ እንደነበረ ተናግሯል፤ እትዬ ግን ሰው በቃል እንደሚሞት ታምናለች። ታሪኩን ለእትዬ የነገረቻት ሚስቲቱ ራሷ ናት።

ውሸት ነው። ከደን ጠባቂው አፍ ያን ቀን አንዲት ክፉ ቃል አልወጣችም። የተናገረችው እሷ ናት።

*

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ በመስታወት ፍሬም የገባ የሥራ ፈቃድ፣ ከሥሩ ጠባብ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወፍራም መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ብረት የሚታሰርበት ሞርሳና ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ። መጋረጃው መጀመሪያ የተሰቀለው የብረት ብናኝ ደንበኛ ላይ እንዳይበን ነበር። በኋላ ሌላ ሥራ አገኘ።

ስታገባው ስለ ጠመንጃ የምታውቀው ከፊቱ አለመቆምን ብቻ ነበር። መጀመሪያ መብራት ያዘችለት። ከዚያ ዘይት መቀባት፣ ከዚያ ዝገት መጥረግ፣ ከዚያ ሞረድ። እሱ ሲያስተምር አይቆጣም፤ ይቀልዳል እንጂ። "ቀስ በይ፣ አለቃዬ፣ ብረቱ የትም አይሄድብሽም" ይላል። አንድ የሚደጋግማት አባባል ነበረችው፤ "ጠመንጃ ውሸት አይወድም።" ሠራሁ ብለህ ያልሠራኸው ነገር ካለ፣ እሱ ራሱ ጮኾ ይናገርብሃል ማለቱ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት የቀኝ አውራ ጣቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ ነው አለ። ብርዱ አልፎ በጋ መጣ፤ ጣቱ አልተወም፣ እንዲያውም ጎረቤት ጣቶቹን ጠራ። አንድ ቀን ሞረዱ ብረቱ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማችና ከእጁ ወሰደችው። ስትወስደው ግን በጣም በቀስታ ነበር፤ እሱ ራሱ የሰጣት እስኪመስለው ድረስ። ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። በማግስቱም እሷ ሞረደች፣ እሱ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሆነ፤ እጁ የእሷ፣ ጆሮው የእሱ። ዓይኑን ጨፍኖ የሞረዱን ድምፅ ብቻ እየሰማ፣ "ወደ ግራ አጋደልሽ" ይላት ነበር። አጋድላ ትገኛለች።

ደንበኛ ሲመጣ በጓሮ በር ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። እሱ መጋረጃውን ገልጦ ይወጣና ጠመንጃውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ደግፎ ያስረክባል፤ በሁለት እጅ ሲይዙት መንቀጥቀጡ አይታይም። ደንበኛው "እጅህ ይባረክ" ሲለው፣ "ይህ ቤት ይባረክ በል" ይል ነበር። አንድም ቀን እኔ ሠራሁት ሲል አልሰማችውም። ከማድ ቤት ሆና ትሰማው ነበርና ታውቃለች።

እትዬ ዘንድ እሑድ እሑድ ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። እትዬ ለሰው ሁሉ እስከ አፉ ትቀዳና ለእሱ ግማሽ ብርጭቆ ትሰጠዋለች። "የእህቴ ስስት በሻይ ነው የመጣው" ሲል ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ሲያልቅበት እንደገና ግማሽ ትቀዳለታለች።

*

በሁለተኛው ቀን የተሰበሰበው ሰው ስለ እጀ ወርቅ እጅ ሲያወራ ዋለ። ሥጋ ሻጩ ከአያቱ የወረሰውን ጠመንጃ አምና እንዴት አዲስ እንዳደረገለት አወራ፤ መዝጊያው ሲንሸራተት ቅባት የነካ ይመስላል አለ። ያን መዝጊያ እሷ ናት አሥራ አንድ ቀን ያለሰለሰችው። ሴቶቹ ደግሞ ወደ እሷ ተጠጉና ያሞግሷት ጀመር። እንዲህ ያለ ባል እንዲህ ያለች ሚስት አገኘ። እንደ እንቁላል ነው የያዝሽው። ክፉ ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ያለቻት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ናት፤ ደግ ሴት። የእጀ ወርቅ ሚስት የተጎነጨችው ሻይ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ባፍንጫዋ እስኪወጣ ሳለች። "አይዞሽ፣ አልቅሺው፣ ይውጣልሽ" እያሉ ጀርባዋን መቱላት።

ደን ጠባቂው ያን ቀንም መጣ። ምሰሶው ጋ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ አልችል ቢል ሻይ ይዛለት ሄደች፤ እትዬ ከወዲያ ጫፍ ሆና፣ "ያ ብርጭቆ ለሰው የተቀዳ ነው" አለች። ልብስ ሰፊዋ መንገዱ መሀል ላይ ቆመች። ደን ጠባቂው አንገቱን ነቅንቆ እንድትመለስ በዓይኑ ለመናት። ሻዩ እንደሞላ ተመለሰ።

የእጀ ወርቅ ሚስት ያኔ ልትነሳ ነበር። ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ ሰብስባለች። ከዚያ ተወችው። ያን ቀን የሆነውን ልንገር ካለች፣ ባሏ ስድስት ዓመት በመጋረጃ የሸፈነውን ልትገልጥ ነው፤ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሰው ሁሉ እጀ ወርቅ እያለ በሚያለቅስበት ግቢ። ሰውየውን ላንሳ ካለች ባሏ ይወድቃል። ለራሷ የነገረቻት ምክንያት ይህች ናት። ሐቁን እናውራ ካልን ግን ይበልጥ ያስፈራት የገዛ ስሟ ነው። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ተብላ መቀመጡ፣ የማይገባት ቢሆንም፣ ሙቀት ነበረው። ይህንንም ታውቀው ነበር፤ ስላወቀችውም ራሷን ጠላች።

ሰውየው አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

*

የደን ጠባቂው ጠመንጃ መዝጊያውን በእጅ ስበው ጥይት ከሚያጎርሱት ከአሮጌዎቹ ነው። እንጨቱ ጤነኛ፣ መዝጊያው ጤነኛ፤ አፈሙዙ ግን አልቋል። በብርሃን ሲያዩት ውስጡ የነበሩት ጠመዝማዛ ቦዮች ተበልተው እንደ ቆሻሻ ቱቦ ሆኗል። ደን ጠባቂው የአባቴ ነው፣ መጣል አልችልም አለ። እጀ ወርቅ አዲስ አፈሙዝ አዘዘለት። አፈሙዙ ሦስት ወር ቆይቶ መጣ።

አሮጌውን ማውለቁ ራሱ አንድ ሳምንት ፈጀ። በጥርስ ተጠምዝዞ የገባው ብረት በስንት ዓመት ዝገት ከገላው ጋር አንድ ሆኗል። ዘይት እየጨመሩለት ሦስት ቀን አሳደሩት፤ ከዚያ አፈሙዙን በእንጨት ጠፍረው ሞርሳ ላይ አሰሩትና ረጅሙን መፍቻ ሁለቱም ተንጠለጠሉበት። እንቢ አለ። "ያንቺ ዘመድ መሆን አለበት" አላት። እየሳቀች አንድ ጊዜ ስትጎትተው ቷ ብሎ ተላቀቀ፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ተገፍተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ የሳቁበት ቀን ትዝ አይላትም።

አዲሱን ጠምዝዛ አስገባች። ከዚያ የሚቀረው ጉሮሮው ነው፤ ጥይቱ የሚቀመጥበት። እሱን በስለት ጥቂት በጥቂት እያዞሩ መብላት፣ መጥረግ፣ መለካት፣ እንደገና መብላት ነው። መለኪያዎቹ ሁለት ናቸው። ቅርጻቸው የጥይት፣ ውስጣቸው ድፍን ብረት። አንደኛውን እሺ፣ ሁለተኛውን እንቢ ብለው ሰይመዋቸዋል። እሺ ሲገባ መዝጊያው ያለ ትግል መዘጋት አለበት። እንቢ ከእሺ በፀጉር ያህል ይረዝማል፤ እሱ ሲገባ መዝጊያው መዘጋት የለበትም። በእንቢ ላይ የተዘጋ ጠመንጃ ክፍተቱ በዝቷልና፣ የጥይቱ ቀፎ ውስጡ ፈንድቶ እሳቱን ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሰዋል።

ለመለካት በተዘጋጁበት ጠዋት ደን ጠባቂው ሳይጠበቅ መጣ። እሷ ገና ስለቱን በእጇ እንደያዘች፣ መጋረጃው ተከፍቶ ቀርቷል። ሰውየው አይቷታል። እንዳላየ አለፈው። አባቱ ሲሞት፣ ይህን ጠመንጃ ከእጀ ወርቅ በቀር ማንም እንዳይነካው ብሎ እንደነገረው አወራ፤ መዝጊያው ሲዘጋ ለማየት ብዬ ነው ጠዋት የመጣሁት አለ። እጀ ወርቅ ደስ አለው። ፊቱ ሲበራ አየችው። ከበርጩማው ተነስቶ እሺን ከሣጥኑ አወጣ።

"እኔው ላሳይህ" አለ።

ሌሊቱን ጥርሷን አሟት አልተኛችም ነበር። ይህንን ሰበብ አድርጋ ብዙ ጊዜ ለራሷ ነግራለች፤ ሰበቡ ግን አልበቃትም። እሺ ጉሮሮው አፍ ላይ ደርሶ ተንቀጫቀጨ፣ ከጣቱ አመለጠ፣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አነሳው። እንደገና ሞከረ። እንደገና ወደቀና ተንከባሎ የደን ጠባቂው ጫማ ሥር ቆመ። የመለኪያ ጠርዝ ከተጎዳ መለኪያነቱ አበቃ። ደን ጠባቂው ጎንበስ ከማለቱ በፊት ተስፈንጥራ አነሳችው። ባሏ እጁን ዘረጋ።

"ተወው፣ እኔ ልሥራው" አለች። "ድሮስ የሚሠራው ማን ሆነና!"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ ሱቁ ውስጥ ቆመ። ደን ጠባቂው ጫማውን ማየት ጀመረ። እጀ ወርቅ ጨርቅ አንስቶ እጁን ጠረገ፣ ጣት በጣት፣ አንዱንም ሳያስቀር፤ ሽርጡን አወለቀ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ወደ ውስጥ ገባ። እሷ መለኪያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ተከተለችው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል።

አመሻሽ ላይ እትዬ ስትመጣ ወንድሟ አልነሳላትም። ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። እሱ መስኮቱን ያያል። የእጀ ወርቅ ሚስት አፏን ከፈተችና፣ "ያ ደን ጠባቂ... ደህና አልተናገረውም" አለች። ባሏ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ሰምቷታል። ዞሮ አያት፤ እንደሚቆጣ ሰው አልነበረም፤ የሞረዱን ድምፅ እንደሚያዳምጥበት ጊዜ ነበር ፊቱ። አጋደልሽ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ሳቀ፣ በላ፣ ተጫወተም፤ ሱቁን ግን አልረገጠም። ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አያወጣም ነበር። መንቀጥቀጡን ከእሷም መደበቅ ጀመረ ብላ አንገቷን ደፋች። እሷም ጠመንጃውን በጨርቅ ሸፍና ተወችው፤ ከጨረሰችው ሰውየው ሊመጣ ነው። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት አንዴ ብቻ ነገሩን አነሳው። "የዚያን ሰው ጠመንጃ ጨርሺለት እንጂ" አላት። እሺ አለችው። አልጨረሰችም።

*

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት እትዬ የወንድሟን ልብስ ልታጣጥፍ ገባች። ብዙም አልቆየችም። ስትወጣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር፤ የቀኝ እጇ ተጨብጧል።

እትዬ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ደን ጠባቂው ምሰሶውን ለቅቆ ቆመ። እጇን ከፊቱ ዘረጋችው።

"ይህን ታውቀዋለህ?" አለችው። "ወንድሜ ይህን በኮቱ ኪስ ይዞ ነው የሞተው። ጥይት። ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። አንተ ግን ማን እንዳሳሰበው ታውቃለህ።"

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። የእጀ ወርቅ ሚስት ከተቀመጠችበት ሆና በእትዬ ጣቶች መሀል የሚያብለጨልጨውን አየች። እሺ ነው። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው፣ በማግስቱ ስትፈልገው ያጣችው፣ ከኋላ ተንከባሎ ጠፍቷል ያለችው።

ደን ጠባቂውም አወቀው። ጫማው ሥር የቆመ ነገር ነውና እንዴት ይረሳዋል። ብረቱን አየ፣ በእትዬ ትከሻ ላይ አሻግሮ የእጀ ወርቅን ሚስት አየ፣ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር አደረገና አጎነበሰ።

"አጥፍቻለሁ" አለ። "ይቅር በሉኝ።"

ይህን ነበር የማትችለው። ቢክድ ትችለው ነበር፤ ቢጠቁምባት እንኳ ትችለው ነበር። እንዴት እንደተነሳች አታውቅም፤ ብርጭቆው ከጭኗ ወድቆ ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"እትዬ፣ ጥይት አይደለም" አለች።

እትዬ ዞረች።

"መለኪያ ነው። ባሩድ የለውም፤ ድፍን ብረት ነው። እዪው።"

"መለኪያ በኪሱ ውስጥ ምን ይሠራል?"

ያኔ ነው የገባት። ለካ ያን ሌሊት ተነስቶ ከባንኮኒው ወስዶታል። አምስት ሳምንት ሙሉ ከኪሱ ያልወጣው እጅ። ጫፉ የሰው ጣት አሽቶት እንደ አዲስ የሚያብለጨልጨው ብረት። እጁን አልነበረም የደበቃት።

"ይለማመድበት ነበር" አለች። "እንዳይወድቅበት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እትዬ። ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሥራውን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ከእጁ ወደቀበት፤ እኔ ነጠቅኩትና እዚህ ሰውዬ ፊት፣ ድሮስ የሚሠራው ማን ሆነና አልኩት። የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሱ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ላንቺም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።"

ግቢው እስኪጮህ ጠበቀች። እንዴት ሊል፣ ወይ ጉድ ሊል፣ ሥጋ ሻጩ ተነስቶ የኔን ጠመንጃ የሠራሽው አንቺ ነሽ እንዴ ሊል ጠበቀች። አንድም ሰው አልደነገጠም። ሥጋ ሻጩ ጫማውን ያያል። ልብስ ሰፊዋ የቀሚሷን ጠርዝ ታስተካክላለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የደን ጠባቂውን ፊት አየች፤ እሱም ያን ጠዋት አዲስ ነገር እንዳልሰማ አሁን ገባት።

"ሻይ በግማሽ የምቀዳለት ለምን ይመስልሽ ነበር?" አለች እትዬ።

አልጮኸችም። የእጀ ወርቅ ሚስት ብትጮኽባት በወደደች።

"አርባ ዓመት አዋልጃለሁ። የሚንቀጠቀጥ እጅ የማላውቅ መሰለሽ? ይህ የምታዪው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጠመንጃውን ለእሱ ሰጥቶ፣ ለአንቺ ነበር ትቶት የሚሄደው። የሰፈሩ ወሬኛ እንኳ" አለችና ወፍራሟን ጎረቤት በዓይኗ ጠቆመች፣ "እሷ እንኳ ስድስት ዓመት አፏን ይዛለች። አንድም ሰው አልተናገረም። አንድም ሰው።"

የቀረውን አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አላስፈለጋትም። ወደ ቦርሳው ወንበር ሄደች፣ ቦርሳውን አንስታ በወፍራሟ ጎረቤት ጭን ላይ አስቀመጠች፣ ወንበሩን አንጠልጥላ ግቢውን መልሳ አቋረጠች፣ ምሰሶው ሥር አኖረችው። መቀመጫውን በመዳፏ ጠረገች።

"ተቀመጥ" አለችው። ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፣ "ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

ደን ጠባቂው ተቀመጠ። ሻይ መጣለት፤ እስከ አፉ የሞላ። የእጀ ወርቅ ሚስት የፈሰሰ ቀሚሷን ይዛ እንደቆመች ነበር፤ ጀርባዋን የሚመታላት፣ አይዞሽ የሚላት አልነበረም። እሷም አልጠበቀችም። እፍረት እንዲህ በቀን ብርሃን፣ በሰው መሀል፣ በእግር የሚቆሙት ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ሰው ተናግሮ ሲወጣለት ይቀለዋል የሚሉት ለእሷ አልሠራም።

*

ሰው ሲሳሳ ደን ጠባቂው ብርጭቆውን አስቀምጦ ሊሰናበታት መጣ። እሷ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

"ጠመንጃህ አላለቀም" አለችው።

"አይቸኩልም፣ እህቴ። ከሐዘኑ በኋላ ይደርሳል።"

"ጨርሺለት ብሎኝ ነበር። የቀረው መለካት ብቻ ነው።"

እትዬ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ፣ በባዶ ብርጭቆዎቹ መሀል ትታው ነበር። የእጀ ወርቅ ሚስት አነሳችው። ሞቅ ያለ መሰላት፤ ፀሐዩ ይሆናል። ቀድማ ወደ ሱቁ ገባች፣ ሰውየው ተከተላት። እትዬም ሳትጠራ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

ሱቁ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሽርጡ ሚስማሩ ላይ ነው፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ የሆዱን ቅርጽ አልለቀቀም። በርጩማው ባዶ ነው። ጠመንጃውን ከጨርቁ ገልጣ ሞርሳው ላይ አጋደመችው፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳበች፣ እሺን በሦስት ጣቷ ያዘችና ወደ ጉሮሮው አስጠጋች።

በሕይወቷ ሺህ ጊዜ አድርጋዋለች። ብረቱ የጉሮሮው አፍ ላይ ደረሰና ተንቀጫቀጨ። ድምፁን አወቀችው። ጣቷን አጥብቃ ልትይዝ ስትሞክር ባሰ፤ መለኪያው አመለጣት፣ ሲሚንቶው ላይ ነጠረ፣ ተንከባሎ የደን ጠባቂው ጫማ ሥር ቆመ።

አልጎነበሰችም። እትዬም ከደፉ አልተነቃነቀችም። የእጀ ወርቅ ሚስት ሰውየው እንዲያስገባው ቦታ ለቀቀችለት፤ የገዛ ጠመንጃው ነው፣ እጁም አይንቀጠቀጥም።

ደን ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አነሳው። አቧራውን እፍ አለበት፣ በባርኔጣው ገበር ጠረገው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ እጇን ይዞ መለኪያውን መዳፏ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ግድግዳው ዞረ፤ በመስታወት ፍሬም የገባውን የሥራ ፈቃድ፣ ከላይኛው መስመር ጀምሮ፣ ማንበብ ገና እንደተማረ ሰው፣ ቃል በቃል ማንበብ ጀመረ።